በሚኒያፖሊስ የሶፍትዌር ሰነድ ጸሐፊ ለመሆን፦ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

የሶፍትዌር ሥራ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ኮድ የሚጽፈውን ሰው ነው። ከእሱ ጎን ግን ሌላ ባለሙያ አለ። ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚጫን፣ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ፣ ስክሪኑ ላይ የስህተት መልእክት ሲመጣ ምን መደረግ እንዳለበት የሚጽፈው ይህ ሁለተኛው ባለሙያ ነው። የሥራ ማስታወቂያዎች ቴክኒካል ራይተር ይሉታል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ሙያው ሥር የሰደደ ነው፤ እኔ በሥራ ላይ የማገኛቸው የአገሬ ልጆች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ይህ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ።

መመሪያው በመጀመሪያ የታሰበው አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ተምረው መጥተው ዛሬ በመጋዘን፣ በኡበር፣ በአረጋውያን እንክብካቤ ወይም በሄልፕ ዴስክ ለሚሠሩ ነው። እዚሁ አድገው ኮሌጅ የጨረሱ ወጣቶችም ይጠቀሙበታል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በአገር አቀፍ ደረጃ የቴክኒካል ራይተሮች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 80,050 ዶላር ነበር፤ ማለትም ግማሾቹ ከዚህ በላይ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከዚህ በታች ያገኙ ነበር። ጀማሪ ከዚህ ዝቅ ብሎ እንደሚነሣ ይጠብቁ። ቢሮው ለሙያው ፈጣን እድገት አይተነብይም፤ ስለዚህ የሚገባው ሰው ተዘጋጅቶ መግባት አለበት።

ከመመሪያው አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ፦ በእጅዎ ያልሞከሩትን አይጻፉ። የሚከተሉት ደረጃዎች በሙሉ በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሥራውን በትክክል ይወቁ

የቴክኒካል ራይተር ቀን በአብዛኛው የሚያልፈው በመጻፍ አይደለም። ፕሮግራሙን ይከፍታል፤ አዲሱን ክፍል ይሞክራል፤ የት ላይ እንደተሰናከለ ይመዘግባል፤ ኢንጂነሩን ይጠይቃል፤ ደንበኞች ለድጋፍ ክፍሉ ያቀረቡትን ቅሬታ ያነባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ይጽፋል። የጻፈውን ሰጥቶ ያስገመግማል፤ ያርማል፤ ፕሮግራሙ በሚለቀቅበት ቀን ሰነዱንም አብሮ ያወጣል። በሚቀጥለው እትም ቁልፉ ቦታ ሲቀይር ተመልሶ ያስተካክላል።

የሚጻፉት ሰነዶች ብዙ ዓይነት ናቸው። ዳንኤሌ ፕሮቺዳ የተባለ ባለሙያ ያዘጋጀውና ዲያታክሲስ የሚባለው አከፋፈል በአራት ይመድባቸዋል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

1. ማስተማሪያ፦ ምንም የማያውቀውን ሰው እጁን ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያስኬድ።
2. የአሠራር መመሪያ፦ አንድ የተወሰነ ሥራ መጨረስ ለሚፈልግ፣ ለምሳሌ የይለፍ ቃል ለመቀየር።
3. ማጣቀሻ፦ ዝርዝሩን ፈልጎ ለሚያይ፣ ለምሳሌ የትእዛዞች ወይም የስህተት ቁጥሮች ሰንጠረዥ።
4. ማብራሪያ፦ ነገሩ ለምን እንዲህ እንደተሠራ መረዳት ለሚፈልግ።

ብዙ ጀማሪዎች አራቱን በአንድ ገጽ ያደባልቃሉ። የይለፍ ቃሉን ለመቀየር የመጣውን ሰው ስለ ምስጠራ ሁለት አንቀጽ ያስነብቡታል። መለማመጃ ይሁንዎት፦ መሥሪያ ቤቱ ሚኒያፖሊስ የሆነውና የአፕል ኮምፒውተሮችንና ስልኮችን ለድርጅቶች የሚያስተዳድር ሶፍትዌር የሚሠራው ጃምፍ ሰነዶቹን በይፋ ያወጣል። ጥቂት ገጾቹን ይክፈቱና እያንዳንዱ ገጽ ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ጎኑ ላይ ይጻፉ። መለየት ሲቀልልዎት ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይለፉ።

ደረጃ 2፦ ከሚያውቁት ሥራ ተነሥተው መስክ ይምረጡ

ይህ አካባቢ ኮምፒውተር የገባው ገና ድሮ ነው። ኢንጂነሪንግ ሪሰርች አሶሺየትስ እ.ኤ.አ. በ1946 በሴንት ፖል፣ ኮንትሮል ዳታ ደግሞ በ1957 በሚኒያፖሊስ ተቋቋሙ። ሜድትሮኒክ በ1949 በሚኒያፖሊስ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተጀመረ። ዛሬ ሶፍትዌር የሚሠሩት ድርጅቶች የሶፍትዌር ኩባንያ ተብለው የሚታወቁት ብቻ አይደሉም፤ ሆስፒታሉም፣ ባንኩም፣ ሱቁም ይሠራል። ስለዚህ በቀድሞ ሙያዎ የሚያውቁት ነገር ዋጋ አለው።

በሕክምና ወይም በእንክብካቤ የሠሩ ከሆነ፦ ሜድትሮኒክ በፍሪድሊ፣ ቦስተን ሳይንቲፊክ በሜፕል ግሮቭና በአርደን ሂልስ፣ ሴንት ጁድ ሜዲካልን በ2017 የጠቀለለው አቦትም በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ። ዛሬ የልብ ምት መቆጣጠሪያውም ሆነ የኢንሱሊን ፓምፑ በሶፍትዌር የሚሠራ ነው። በዚህ መስክ ሰነዱ የመሣሪያው አካል ተደርጎ ይቆጠራል። የፌዴራሉ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይቆጣጠረዋል፤ ለሕክምና ሶፍትዌር አሠራርም አይኢሲ 62304 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። እያንዳንዱ ለውጥ ይመዘገባል፤ ማን እንዳጸደቀው ፊርማ ይቀመጥበታል።

ይህ ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ቴራክ 25 የተባለውን የጨረር ሕክምና ማሽን ታሪክ ያንብቡ። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ በስድስት ሕመምተኞች ላይ ከመጠን ያለፈ ጨረር ለቅቆ የሞቱም ነበሩ። ዋናው ጥፋት የሶፍትዌሩና የአሠራሩ ነበር። ነገር ግን በ1986 በቴክሳስ ማሽኑ «ብልሽት 54» የሚል መልእክት ሲያሳይ፣ ባለሙያዋ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም፤ የማሽኑ ማኑዋል የብልሽት ቁጥሮቹን አያብራራም ነበር። ስለዚህ ሥራውን ቀጠለች። የስህተት ቁጥሮች ሰንጠረዥ መሥራት አሰልቺ በሚሆንብዎት ቀን ይህን ያስታውሱ።

በጤና መድን፣ በሒሳብ ወይም በባንክ የሠሩ ከሆነ፦ ዩናይትድሄልዝ ግሩፕና የእሱ የሆነው ኦፕተም በኤደን ፕሬሪ፣ ዩኤስ ባንክ በሚኒያፖሊስ ይገኛሉ።

በመጋዘን፣ በዕቃ ማጓጓዝ ወይም በሱቅ የሠሩ ከሆነ፦ ታርጌት በሚኒያፖሊስ፣ ቤስት ባይ በሪችፊልድ ናቸው፤ ኤስፒኤስ ኮሜርስ ደግሞ በአቅራቢዎችና በሱቆች መካከል የትእዛዝ መረጃ የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር ይሠራል። ዕቃ ሲቆጥርና ስካን ሲያደርግ ለኖረ ሰው የዚህ ሶፍትዌር ቃላት እንግዳ አይሆኑበትም።

ሕግ የተማሩ ከሆነ፦ ቶምሰን ሮይተርስ በኢገን ትልቅ መሥሪያ ቤት አለው። የእሱ የሆነው የዌስት የሕግ አሳታሚ ድርጅት በሴንት ፖል የተጀመረው በ1872 ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት መሥራት የሚፈልጉ ከሆነ፦ ገዥው ማርክ ዴይተን በ2014 ባወጡት ትእዛዝ የሚኔሶታ መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ የሚጽፉትን ግልጽ በሆነ ቋንቋ እንዲጽፉ ታዘዋል። ይህን የሚያውቅ አመልካች በቃለ መጠይቅ ላይ ጎልቶ ይታያል።

አንድ መስክ ብቻ ይምረጡ። ሁሉንም የሚሞክር ሰው ናሙናዎቹ ለማንም አይሆኑም።

ደረጃ 3፦ እንግሊዝኛዎን ለዚህ ሥራ ያዘጋጁ

«እንግሊዝኛዬ አፍ የፈታሁበት አይደለም» ብለው የሚሸሹ ብዙዎች ናቸው። የሶፍትዌር ሰነድ ግን ያጌጠ እንግሊዝኛ አይፈልግም። ከዚህ ከተማ የሚወጡትን ፕሮግራሞች በመላው ዓለም እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች ይጠቀሙባቸዋል፤ ለእነሱ የሚጠቅመው አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገር ነው። ሊለማመዷቸው የሚገቡት ሕጎች እነዚህ ናቸው።

• በአንድ ቁጥር ሥር አንድ ድርጊት ብቻ ያስቀምጡ።
• ለአንድ ነገር አንድ ስም ይስጡ። እዚህ «ፎልደር» ያሉትን እዚያ «ዳይሬክተሪ» አይበሉት።
• ማስጠንቀቂያውን ከድርጊቱ በፊት ይጻፉ። ሰውየው ፋይሉን ከሰረዘ በኋላ «መጀመሪያ ቅጂ ይያዙ» ማለት አይጠቅመውም።
• ቁልፉን ስክሪኑ ላይ በተጻፈው ስም ይጥሩት፤ በሌላ ቃል አይተኩት።
• ሁኔታውን ከትእዛዙ በፊት ያስቀምጡ፦ መጀመሪያ «ፋይሉ ካልተከፈተ»፣ ከዚያ «ፕሮግራሙን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ»።

በመጨረሻው ሕግ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ይቀናዋል። እኛ «ከሆነ» እና «ካልሆነ» የሚለውን ሳንናገር ወደ ትእዛዙ አንደርስም። እንግሊዝኛ ግን ሁኔታውን መጨረሻ ላይ እንዲጥሉት ይፈቅዳል፤ ብዙ ኢንጂነሮችም እንዲሁ ይጽፋሉ፤ አንባቢው ደግሞ ትእዛዙን ፈጽሞ ካበቃ በኋላ «ይህ ለእርስዎ አይመለከትም» የሚለውን ያገኛል። ጉግል ለጸሐፊዎቹ ያወጣው የአጻጻፍ መመሪያ ሁኔታው እንዲቀድም ይመክራል። የአማርኛን ቅደም ተከተል በዚህ ቦታ አይተዉት።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። እንዲህ የተጻፈ ገጽ ያጋጥምዎታል፦

«የይለፍ ቃልን የመቀየር ሂደት የሚከናወነው በቅንብር ገጽ ላይ ሲሆን ተጠቃሚው የቀድሞውን ካስገባ በኋላ አዲሱን ሁለት ጊዜ ማስገባትና ማስቀመጥ ይጠበቅበታል፤ ይህም ከሌሎች መሣሪያዎች ያስወጣዋል።»

ተስተካክሎ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«የይለፍ ቃል ሲቀይሩ በሌሎች ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ የከፈቱት አካውንት ይዘጋል። ያላስቀመጡት ሥራ ካለ አስቀድመው ያስቀምጡ።
1. ቅንብር የሚለውን ይጫኑ።
2. የይለፍ ቃል የሚለውን ይጫኑ።
3. የቀድሞውን የይለፍ ቃል ያስገቡ።
4. አዲሱን የይለፍ ቃል ሁለት ጊዜ ያስገቡ።
5. አስቀምጥ የሚለውን ይጫኑ።»

ሁለተኛውን ለመጻፍ አካውንቱ በሌላ ስልክ ላይ እንደሚዘጋ ሞክሮ ማየት ግድ ነው።

ለንባብ ልምምድ የሚኔሶታ የመራጮች መመዝገቢያ ቅጽ ይጠቅማል፤ የክልሉ መንግሥት በእንግሊዝኛም በአማርኛም ያወጣዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡና ቅጹ ለማንኛውም ሰው እንዲገባ ምን እንደተደረገ ልብ ይበሉ።

ደረጃ 4፦ መሣሪያዎቹን በቅደም ተከተል ይማሩ

የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ የሚደረደረው የመሣሪያ ስም ያስፈራል። ሁሉንም መማር አይጠበቅብዎትም። በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

መጀመሪያ ማርክዳውን። ጆን ግሩበር በ2004 ያወጣው ቀላል የአጻጻፍ ስልት ነው፤ ርእስ፣ ዝርዝርና ሊንክ በተራ ምልክቶች ይሠራበታል። በአንድ ምሽት መልመድ ይቻላል።

ሁለተኛ ጊት። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 ለሊነክስ ሥራ የፈጠረው የእትም መቆጣጠሪያ ነው። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ ይመዘግባል። ጊትሃብ ላይ አካውንት ይክፈቱ፤ ቅጂ መውሰድ፣ ቅርንጫፍ መክፈት፣ ለውጥ መመዝገብና እንዲገመገም መላክ ይለማመዱ። ኢንጂነሮች የሚሠሩበት ቦታ ይህ ስለሆነ፣ ጊት የሚያውቅ ጸሐፊ ከእነሱ ጋር እኩል ይቀመጣል።

ሦስተኛ ኤፒአይ። አንድ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ የሚጠይቅበት በር ማለት ነው። ጥያቄ መላክን፣ ጄሰን በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ የመጣውን መልስ ማንበብን፣ የስህተት ቁጥሮችን መለየትን ይማሩ። ፖስትማን የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል።

አራተኛው እንደ መስክዎ ይለያያል። የሕክምና መሣሪያ ድርጅቶች አንድን አንቀጽ በብዙ ማኑዋሎች ውስጥ ደግሞ ለመጠቀም የሚያስችሉ እንደ ማድካፕ ፍሌርና ፍሬምሜከር ያሉ መሣሪያዎችን፣ እንዲሁም በ2005 የሰነድ አዘገጃጀት ደረጃ ሆኖ የወጣውን ዲታን ይፈልጋሉ። ሶፍትዌር ብቻ የሚሠሩት ደግሞ ሰነድ የሚጋሩበትን ኮንፍሉወንስንና ሥራ የሚከታተሉበትን ጂራን ይጠቀማሉ። የመረጡት መስክ ማስታወቂያዎች ላይ ደጋግሞ የሚመጣውን አንዱን ብቻ ይማሩ።

ደረጃ 5፦ ትምህርቱን በአቅምዎ ያግኙ

ከነጻው ይጀምሩ። ጉግል የቴክኒካል ጽሑፍ ትምህርቶቹን ያለ ክፍያ ያቀርባል። የሄኔፒን ካውንቲና የሴንት ፖል ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተርና ጸጥ ያለ ቦታ ይሰጣሉ። ኬሪየርፎርስ የሚባሉት የክልሉ የሥራ ማእከላት ሬዙሜ በማዘጋጀትና ሥራ በመፈለግ ይረዳሉ። ከ1919 ጀምሮ አዲስ መጤዎችን ሲያገለግል የቆየው የሚኔሶታ ኢንተርናሽናል ኢንስቲትዩት በሴንት ፖል የእንግሊዝኛና የሥራ ዝግጅት ትምህርት አለው።

ዲግሪ ከሌለዎት ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ የሚባለውን የክልሉን ድጋፍ ይመልከቱ። ከ2024 መጸው ጀምሮ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች የሆነ የሚኔሶታ ነዋሪዎችን የመንግሥት ኮሌጅ ክፍያ ይሸፍናል። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ሰው ግን አይጨምርም፤ ከአገር ቤት ዲግሪ ይዘው የመጡ ከሆነ ከማመልከትዎ በፊት ይህን ያጣሩ። የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ በቴክኒካል ጽሑፍና ኮሙኒኬሽን የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል፤ ሜትሮፖሊታን ስቴት ዩኒቨርሲቲም በዘርፉ ያስተምራል።

የአገር ቤት ዲግሪ ካለዎት ሌላ አራት ዓመት ከመጀመርዎ በፊት እንደ ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ ባለ ድርጅት ያስገምግሙት። በዚህ ሙያ ቀጣሪው ከዲግሪው ስም ይልቅ የጻፉትን ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜዎን ለሚቀጥለው ደረጃ ይስጡ።

ደረጃ 6፦ ሦስት ናሙናዎች ይሥሩ

ሦስት ጥሩ ናሙና ይበቃል። የተለያየ ችሎታ የሚያሳዩ ይሁኑ።

የመጀመሪያው የአሠራር መመሪያ ነው። ርእሱን ሰው በእርግጥ ከሚቸገርበት ነገር ይምረጡ፤ ለምሳሌ በስልክ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አጫጫን። በእንግሊዝኛ ይጻፉት፤ ከዚያ በአማርኛም ይጻፉት። ከእያንዳንዱ እርምጃ ጋር የስክሪን ፎቶ ያያይዙ፤ በፎቶው ውስጥ የማንም ስልክ ቁጥር ወይም ስም እንዳይታይ ይጠንቀቁ።

ከዚያ ይፈትኑት። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በአዳራሹ ሻይ የሚጠጡ፣ ስልክ የሚያስቸግራቸው አንድ አባት ፈልገው እንዲህ ይበሏቸው፦ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ያግዙኝ። ይቺን ወረቀት እያዩ ኪቦርዱን ይጫኑልኝ። እኔ ምንም አልናገርም፤ የሚፈተነው ወረቀቱ ነው።» ከዚያ ዝም ብለው ይመልከቱ። የቆሙበትን ቦታ፣ ተመልሰው ያነበቡትን መስመር፣ በስህተት የነኩትን ቁልፍ ይጻፉ። እጅዎን ሰድደው መርዳት ይፈልጋሉ፤ አይርዱ። እሳቸው በቆሙበት ቦታ ሁሉ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው። አርመው ለሌላ ሰው ይስጡት። የመጀመሪያውን ጽሑፍ፣ የተመለከቱትንና የታረመውን ሦስቱንም በናሙናው ውስጥ ያስቀምጡ፤ ቀጣሪ በጣም የሚወደው ይህን ክፍል ነው።

ሁለተኛው የኤፒአይ ሰነድ ነው። የከተማችን አውቶቡስና ባቡር ድርጅት ሜትሮ ትራንዚት፣ ቀጣዩ አውቶቡስ መቼ እንደሚደርስ የሚናገረውን የኔክስትሪፕ መረጃ ለፕሮግራም ሠሪዎች ክፍት አድርጎታል። ጥያቄ ልከው መልሱን ይዩ። ከዚያ ለጀማሪ የሚሆን ገጽ ይጻፉ፦ ምን ያስፈልጋል፣ የመጀመሪያው ጥያቄ እንዴት ይላካል፣ በመልሱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መስክ ምን ማለት ነው፣ የሌለ ጣቢያ ቁጥር ቢያስገቡ ምን ይመጣል። የመጨረሻውን ሆን ብለው ተሳስተው ይሞክሩት። በግሪን ላይን ባቡር የሚመላለስ ሰው ለዚህ ሥራ ርእሱን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ለሌሎች ሥራ የሚደረግ እርማት ነው። ኮዳቸው ክፍት ከሆነ ፕሮጀክቶች የሚጠቀሙበትን ይምረጡ፤ የመጫኛ ገጹን ደረጃ በደረጃ በራስዎ ኮምፒውተር ይከተሉ። ያረጀ ወይም የጎደለ እርምጃ ሲያገኙ አርመው በጊትሃብ ይላኩ። ተቀባይነት ካገኘ ከማያውቋቸው ባለሙያዎች ጋር መሥራት እንደሚችሉ በይፋ የተመዘገበ ማስረጃ ይሆንልዎታል።

ደረጃ 7፦ ሥራውን ይፈልጉ

ቴክኒካል ራይተር ከሚለው ስም ውጭም ይፈልጉ። ዶክመንቴሽን ስፔሻሊስት፣ ኮንቴንት ዴቨሎፐር፣ ኖሌጅ ቤዝ ራይተር፣ በሕክምና መሣሪያ ድርጅቶች ደግሞ ሌብሊንግ ስፔሻሊስት ተብሎ ይወጣል።

አሁን በሄልፕ ዴስክ ወይም በደንበኛ አገልግሎት የሚሠሩ ከሆነ በሩ ከሚያስቡት በላይ ቅርብ ነው። ደንበኞች ደጋግመው የሚያነሡትን አንድ ጥያቄ ይምረጡና መልሱን በአንድ ገጽ ጽፈው ለአለቃዎ ይስጡ። ገጹ ከወጣ በኋላ ጥያቄው ከቀነሰ ቁጥሩን ይያዙ፤ ሬዙሜዎ ላይ ከሚሰፍር ማንኛውም ቅጽል የበለጠ ይናገራል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚገቡት በኮንትራት ነው። ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፦ ታክሱ ከደመወዝ ላይ የሚቆረጥልኝ ሠራተኛ ነኝ ወይስ ራሴ የምከፍል ተቋራጭ? የጤና መድን አለ? ኮንትራቱ ስንት ወር ነው፣ ሊታደስስ ይችላል? በሳምንት ስንት ቀን ቢሮ መምጣት አለብኝ? የመጨረሻው ጥያቄ በዚህ ከተማ ቀላል አይደለም። ብሉ ላይንና ግሪን ላይን መሐል ከተማውን በደንብ ያገናኛሉ፤ ሜፕል ግሮቭ፣ አርደን ሂልስና ኢገን ግን ከባቡሩ መስመር ውጭ ናቸው። በጥር በረዶ የጠዋት መንገዱን አስልተው ይወስኑ።

የሙያ ማኅበር የሚፈልጉ ከሆነ ራይት ዘ ዶክስ የሚባለውን ይቀላቀሉ፤ በ2013 በፖርትላንድ ጉባኤ የተጀመረ የሰነድ ጸሐፊዎች ስብስብ ነው። የቆዩ መጻሕፍት የሚያመላክቱት ትልቁ የቴክኒካል ኮሙኒኬሽን ማኅበር በ2025 መጀመሪያ ተዘግቷል።

በቃለ መጠይቁ ላይ የጽሑፍ ፈተና ይጠብቁ። ፈተናውን ሲወስዱ ያልገባዎትን ነገር በግምት አይሙሉት፤ «ይህን ኢንጂነሩን እጠይቃለሁ» ብለው ጥያቄውን ራሱን ይጻፉ። ፈታኙ የሚመዝነው ምን እንደሚጠይቁም ጭምር ነው።

ደረጃ 8፦ ከተቀጠሩ በኋላ በጥያቄ ይኑሩ

በሥራ ላይ ትልቁ እንቅፋታችን ይሉኝታ ነው። ኢንጂነሩ ሥራ በዝቶበታል፣ ባስቸግረው ደስ አይለኝም፣ አላዋቂ እመስላለሁ እያልን እንዘገያለን። የሚኔሶታ ሰው ደግሞ በተራው ጨዋ ነው፤ ያልወደደውን ፊት ለፊት አይናገርም። ሁለት ይሉኝታ ሲገናኝ የተሳሳተ ሰነድ ሳይነካ ወደ ደንበኛው ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄዎን እንዲመለስ አድርገው ያቅርቡ።

• «ይህ እንዴት ይሠራል?» ብለው ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ሞክረው፣ ያዩትን ጽፈው ይሂዱና «ይህን ስጫን ይህ መጣ፤ ትክክል ነው?» ይበሉ።
• ረቂቁን ሲልኩ «አስተያየት ካለህ» አይበሉ። «ከመውጣቱ በፊት መለወጥ ያለበት ስህተት አለ? እስከ ሐሙስ ንገረኝ» ይበሉ።
• «ጥሩ ነው» የሚል መልስ ብቻ ከመጣ፣ ሦስተኛውን እርምጃ ራሱ በኮምፒውተሩ ሞክሮት እንደሆነ ይጠይቁ።
• ለጠየቁት ሁሉ መልሱን፣ ቀኑንና የመለሰውን ሰው በአንድ ፋይል ይያዙ። ሁለት ጊዜ አንድ ጥያቄ አለመጠየቅ አክብሮት ነው።

የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያዎችን በሚመለከት፦ ዛሬ አንድ ገጽ ረቂቅ በደቂቃ ያወጣሉ፤ ቀጣሪዎችም ይህን ያውቃሉ። ሰዋስው ለማረምና ረጅም ጽሑፍ ለማሳጠር ይጠቀሙባቸው። የድርጅትዎን ምስጢር ግን ያለ ፈቃድ አያስገቡባቸው፤ የሕመምተኛ መረጃ ከሆነ ፈጽሞ። የሌለ ቁልፍ ፈጥረው በሙሉ እርግጠኝነት ሊጽፉልዎት ስለሚችሉ፣ የሰጡዎትን እያንዳንዱን እርምጃ ፕሮግራሙ ላይ ይሞክሩት። ፕሮግራሙን ከፍቶ የሚያረጋግጥና ኢንጂነሩን የሚጠይቅ ሰው እስከሆኑ ድረስ ቡድኑ ይፈልግዎታል። ከወንበሩ ሳይነሣ የሚጽፍ ሰው ግን ቦታው እየጠበበ ነው።

በዚህ ሳምንት የሚጀምሩት

1. ከደረጃ 2 አንድ መስክ መርጠው የአምስት የሥራ ማስታወቂያዎችን መስፈርት በወረቀት ላይ ያስቀምጡ፤ የሚደጋገመውን ያስምሩበት።
2. ማርክዳውንን ይለማመዱ፤ ጊትሃብ ላይ አካውንት ይክፈቱ።
3. የኪቦርዱን መመሪያ በእጅዎ እየሠሩ ይጻፉ።
4. እሑድ ለአንድ ሰው ሰጥተው ይፈትኑት፤ በዚያው ማታ ያርሙት።

አራተኛውን ሲጨርሱ የመጀመሪያ ናሙናዎ በእጅዎ ይሆናል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በሚቀጥሉት ሳምንታት ይጨምሩ፤ ሦስቱም ሲሟሉ ማመልከት ይጀምሩ። የመጀመሪያው ማመልከቻ ባይሳካ ናሙናዎን በሙያው ላለ ሰው አሳይተው ሲያነብ የት ላይ እንደተሰናከለ ይጠይቁት። እርስዎ ሥራ ሲያገኙ ደግሞ፣ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው የአገር ልጅ ረቂቁን የሚያነብለት ሰው ይሁኑ።